በእርጥቡ ሥር ላይ የምንጠራራው

ለእታለም፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? እርጥበት ሲመጣ የሚያብጠው ግራው አሁንስ በወጉ ያስነሳሻል? ደረጃውን ስትወጪ ዛሬም ግድግዳ ተደግፈሽ ነው? ባለቤትሽ ጋሼስ፣ ያ ሳል ለቀቃቸው? ልጆቹስ? እኔ ከድካም በቀር ደኅና ነኝ። ድካሙ ግን ልክ የለውም።

የላክኩትን ፎቶ አይታችሁ መሳቃችሁን ጋሼ በስልክ ነገሩኝ። ይህ ሰውዬ ሽበቱን ተሸክሞ ብስክሌት ይጫወታል ወይ፣ ራሱ ላይ የደፋውስ ድስት ምንድን ነው ተብሏል አሉ። ጨዋታ አይደለም፣ እታለም።

የምሠራበት የውኃ ማጣሪያ ተራራ አናት ላይ ነው። ሲመሽ የሚያወርደን መኪና ነበረን፤ አዲሱ አለቃችን ወጪ ይቀነስ ብሎ አስቀረው። እሱ ግን በመኪና ይወርዳል። አንድ በአንድ ጽፌ አስረዳሁት፤ ውኃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ሆነ። አስፋልቱ ዙሪያ ጥምጥም ነው፤ ለጭነት መኪኖቹ ደግሞ ዳር ይዞ የሚሄድ ሰው አይታያቸውም። ስለዚህ ጫካውን በምታቋርጠው የእግር መንገድ፣ ጎማው ሰፊ በሆነ የተራራ ብስክሌት እንወርዳለን። በዚህ ወራት ከሥራ ስንወጣ ጨልሟል፤ ዝናቡም አያባራም።

መንገዷ ሳሙና ናት። ጭቃው እንኳ ያን ያህል አያስፈራም፤ የሚያስፈራው የዛፍ ሥር ነው። እርጥብ ሥር ላይ ፍሬን የያዘ ሰው መሬት ተኝቶ ራሱን ያገኘዋል። ፍሬኑን ቀደም ብለሽ ትይዣለሽ፤ ሥሩ ላይ ስትደርሺ ትለቂና መሪውን ሳታጣምሚ ቀጥ ብለሽ ታልፊያለሽ። ጉም ሲወርድ መብራቱን ትቀንሻለሽ፤ ካደመቅሽው ነጭ ግድግዳ ይሆንብሻል። ይህን ሁሉ አሳምሬ አውቃለሁ። ዓይኔ ግን እንደ ድሮው አይደለም።

አብሮኝ የሚወርደው የፓምፕ መካኒኩ ነው። አፉ ስለማያርፍ ሬዲዮ እንለዋለን። ደንብ አለን፦ ፊት ያለው ያየውን ይጠራል፤ ሥር! ድንጋይ! ጉድጓድ! ኋላ ያለው መስማቱን ለማሳወቅ ያንኑ መልሶ ይጠራል። መልስ ከጠፋ ፊተኛው ቆሞ ይመለሳል። ዓይኑ ስለሚሻል ፊት የሚሆነው እሱ ነው።

ባለፈው ሰኞ ሬዲዮ የፓምፑን ጎሚኒ፣ ውኃ እንዳያፈስ የሚገባውን ላስቲክ፣ ገልብጦ ገጠመው። አለቃው ፊት፣ አፍህን ዘግተህ እጅህን አሠራው አልኩት። ማታ አኩርፎ ወደ ኋላ ስለቀረ እኔ ቀደምኩ። ሥር! አልኩ፤ መልስ የለም። ደግሜ ጮኽኩ፤ ጸጥ። ወድቋል ብዬ ብስክሌቱን ተሸክሜ ዳገቱን ስመለስ አዳለጠኝና በትከሻዬ ወደቅኩ። እንደ ምንም ተነስቼ ስደርስ፣ ጌታው ዛፍ ሥር ቆሞ የጭቃ መከላከያ መነጽሩን ይወለውላል። ዝም በል አላልከኝም ወይ አለኝ!

ዝናብ እየወረደብን ሁለት ሽበታም ሰዎች ተጯጯህን። የጎሚኒው ነገር እውነት አይደለም ወይ ስለው፣ ልክ ነህ፣ ልክነትህ መብራት ከሆነህ ብቻህን ውረድ አለኝ። ታች ወዳለው ጣቢያ ዝውውር መጠየቁንም ያኔ ነገረኝ። እሱ ከሄደ፣ በዚህ ዓይኔ ያችን መንገድ ብቻዬን አልወርዳትም፤ ሥራውንም መተዌ ነው።

የተናገርኩት ስህተት አልነበረም። ላንቺም ስለ ኪኒኑ የጻፍኩት ስህተት አልነበረም፤ የጎረቤት ኪኒን ለጉልበት አይዋጥም፣ ዛሬም ይህንኑ እላለሁ። ግን ከዚያ ደብዳቤ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር ጋሼ ተኝታለች ይሉኛል። በጠራራ ፀሐይ! አንቺ መቼ ቀን ተኝተሽ ታውቂያለሽ?

በትከሻዬ ምክንያት ሦስት ቀን ዐርፌ፣ ዛሬ ከሥራ ስወጣ ሬዲዮ በሩ ላይ መብራቱን እያበራ እያጠፋ ቆሟል። ሰላም አላለኝም፤ እኔም አላልኩትም። ትከሻዬ ስላልዳነ ብስክሌቱን ስገፋ አየና እሱም ሳይወጣበት የራሱን መግፋት ጀመረ። ከፊቴ ሆኖ፣ በእግራችን እየተንፏቀቅን፣ ሥር! ብሎ ጠራ። ሥር! አልኩት። ድንጋይ! አለ። ድንጋይ! አልኩ። ታች እስክንደርስ ሌላ ቃል አልወጣንም። ዝውውሩን ይተወው አይተወው አላውቅም።

እኔም ይኸው ጠርቻለሁ፣ እታለም። ልክ ነህ በይኝ አላልኩም። ከፈለግሽ ስደቢኝ፤ ብቻ ድምፅሽን ልስማ።

ለጋሼ ጤና ይስጥልኝ በይልኝ፤ በእኔና በአንቺ መካከል ሲዋሹ አንጀቴን በልተውታል። ትልቋን ልጅሽን ሳሚልኝ፤ ለትንሹ ደግሞ ድስት ያለው ነገር ሄልሜት እንደሚባል ንገሪው። ኪኒን ለምታቀብልሽ ጎረቤትሽም ሰላምታ አቅርቢልኝ፤ ኪኒኗን ግን መልሽላት።

እሑድ ከምሳ በኋላ እደውላለሁ። ስልኩን ጋሼ እንዳያነሱት።

ወንድምሽ

ከተራራው ግርጌ፣ ከኪራይ ክፍሌ
ዓርብ ምሽት፣ ዝናቡ ሳያባራ