ሃያ ሦስቱ መልሶች

ጎንደር፣ ቁስቋም
ጥር ፲፰ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለወንጌላዊት፣

ሰላምሽ ይብዛ። የልጅ ልጄን ዝማሬን ሁለቱን ጉንጯን ሳሚልኝ። ይህን በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ አቃተኝ፤ ድምፅሽን ስሰማ እዋሻለሁ። ባለፈው ማክሰኞ "ቪዛውን በዕድሜዬ ምክንያት ከለከሉኝ" ያልኩሽም ውሸት ነው። የሆነው እንዲህ ነው።

አንቺ ኦፕራሲዮን ስትሆኚ መጥቼ ዝማሬን ልይዝልሽ ብዬ፣ ሦስት ወር ሙሉ ከፍቅርተማርያም ዘንድ እንግሊዝኛ ተማርኩ። ያቺ የጎረቤታችን ልጅ ዛሬ የእንግሊዝኛ መምህርት ሆናለች። ከቅዳሴ መልስ ደብተሬን በጋቢዬ ሸሽጌ ስሄድ ሰፈሩ ይስቅብኛል። ስትገባ ብድግ እልላታለሁ፤ እሷ ታፍራለች፤ እኔ ግን መምህሬ ናት ብዬ ነው።

ቋንቋው ግን አንገበገበኝ። ጉልበት "ኒ" ነው ትለኛለች፤ ሲጻፍ ፊቱ ላይ "ኬ" ቆማለች። "ምነው ዝም አለች?" ብላት "እንዲሁ ነው መምሬ፣ አትነበብም" አለችኝ። ለማይነበብ ፊደል ማን ቀለም ያባክናል? ለሕፃኑም ለጳጳሱም "ዩ" ነው፤ አንቱታ አያውቁም። ያቺን ምላስ በጥርስ መሀል ይዞ የሚወጣውን ድምፅማ ተዪኝ። "የፊት ጥርስ የሌለውስ በምን ይይዛታል?" ስላት አቀርቅራ ሳቀች።

በመጨረሻ ወደማውቀው መንገድ ተመለስኩ። ኤምባሲው ይጠይቃል የተባለውን ሃያ ሦስት ጥያቄ፣ መልሱን ከአንድ እስከ ሃያ ሦስት፣ በልጅነቴ ዳዊት እንዳጠናሁት በዜማ በቃሌ ያዝኩት። ፍቅርተማርያም "መምሬ፣ እነሱ በተርታ አይጠይቁዎትም፤ እያፈራረቁ ይለማመዱት" ብላኝ ነበር። ናቅኋት። አርባ ዓመት ተማሪ ያወጣሁት በዚሁ ነው፣ ትናንት የተወለደች ልጅ ልትመክረኝ ነው አልኩ።

አዲስ አበባ፣ ኤምባሲው መስኮት ላይ ስደርስ አንድ ወጣት በአማርኛ "አባ፣ አስተርጓሚ ልሁንዎት?" አለኝ። "አያስፈልገኝም" አልኩት። አባትሽን ታውቂዋለሽ።

ሴትዮዋ መጀመሪያ የጠየቀችኝ መቼ እንደምመለስ ነው። መልሱን አውቀዋለሁ፤ አሥራ አራተኛው ነው። ግን እዚያ ለመድረስ ከአንደኛው መነሳት አለብኝ። "ስሜ ቄስ ዕንባቆም ነው" ብዬ ጀመርኩ። ደግማ ጠየቀችኝ፤ እኔም እንደገና ከአንድ ጀመርኩ። ጸሎት የማደርስ መስሏት መሰለኝ፣ እጇን አጣምራ ጠበቀችኝ። ሰባተኛው ላይ ጠፋብኝ። ላቤ ከጥምጥሜ ሥር ይወርድ ነበር።

ከዚያ ቀስ ብላ፣ ቃሉን እየለያየች "ልጅቷን የሚጠብቅ ሌላ ሰው እዚያ የለም?" አለችኝ። ይህ ከሃያ ሦስቱ ውስጥ አልነበረም፤ ግን ገባኝ።

"ኖ" አልኩ።

ከሦስት ወር ትምህርቴ ሳልደናቀፍ የወጣችልኝ ያቺ ብቻ ናት። እሷም ሐሰት ነበረች። አስናቀው እኮ አለ፤ እዚያው ያላችሁበት ከተማ።

ዝማሬ በሆድሽ ሳለች ጥሎሽ ሲሄድ "ከዚህ ሰው ጋር አንድ ቃል ብትነጋገሪ በሥልጣነ ክህነቴ ገዝቼሻለሁ" ያልኩሽ እኔ ነኝ። በዓመቱ ተጸጽቶ ሽማግሌ ሲልክ የመለስኩትም እኔው ነኝ። እስካሁን በየበዓሉ ይደውልልኛል፤ አላነሳም። አንቺ ስድስት ዓመት ግዝቴን ጠበቅሽ። ያን ማክሰኞ በስልክ "አባባ፣ እርስዎ ካልመጡ ማንን ልጥራ?" ስትዪኝ የምትለምኚኝ ነገር ገብቶኝ ነበር፤ እንዳልገባኝ ሆንኩ።

አሁን ኦፕራሲዮንሽ አሥር ቀን ቀረው። ቪዛውን የከለከሉኝ መቼ እንደምመለስ መናገር ስላቃተኝ ነው፤ እንደገና ባመለክትም አይደርስም። አንቺ እዚያ ተኝተሽ እኔ እዚህ ከመቁጠሪያዬ በቀር የምይዘው የለኝም። ዝማሬን ለማታውቀው ሰው ሰጥተሽ እንዳትገቢ።

ስለዚህ ግዝቴን አንሥቻለሁ። እግዚአብሔር ይፍታሽ። ደውዪለት። ፍቅርተማርያም ይህን ደብዳቤ በስልኳ ፎቶ አንሥታ ስትልክልሽ ቁጥሩንም አብራ ትልክልሻለች። የዝማሬ አባት ነው፤ እሱም ይያዛት።

የቁስቋሟ እመቤት ከራስጌሽ አትለይ፤ የሐኪሞቹን እጅ ታቅናልሽ። እኔም ኃጢአቴን ለንስሐ አባቴ እናዘዛለሁ፤ የበደልኩት ግን አንቺን ነው። ሐኪም ቤት ከመግባትሽ በፊት፣ ልብሽ ከፈቀደ፣ አንድ ጊዜ "ይፍታዎ" በዪኝ።

አባትሽ
ቄስ ዕንባቆም