ለመኪና ዝግ የሆነው መንገድ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ንዴቴ እስካሁን አልበረደልኝም። ዛሬ አራት ብስክሌተኞች ይዤ ከደብረ ብርሃን አንኮበር ሄጄ ነበር። በገደሉ አፋፍ ደኑን አቋርጦ የሚወርደው መንገድ ለመኪና ዝግ ነው፤ መግቢያው በር ላይ ሰንሰለትና ዘበኛ አለ። "እዚህ ያለ ሥጋት ንዱ" ያልኳቸውም እኔው ነኝ። ጠመዝማዛው ላይ ስንደርስ አንድ ፒካፕ ከኋላችን እየበረረ መጣ። ከመሃላችን ሄለን የምትባለው ገደል ላለመግባት ስትሸሽ ቋጥኝ ላይ ወደቀች፤ ክርኗ ተላጠ።

"መንገዱ ለመኪና ዝግ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

ሾፌሩ መስኮቱን እንኳ በወጉ አላወረደም። "ዘበኛው ራሱ ነው የከፈተልን" ብሎኝ ሄደ።

ብስክሌቴን አዙሬ ወደ በሩ ወጣሁ። ዘበኛውን ጋሽ ደምሴን በሰው ፊት ጮህኩባቸው።

"ሰው ሊሞት ነበር እኮ! መኪና የያዘ ሁሉ ጌታ ይመስልዎታል?"

 እሳቸው የተቆረጠውን ሰንሰለት ከመሬት አንስተው አሳዩኝ። እንዳይቆርጡት የፒካፑን ሰዎች ሲታገሉ መዳፋቸው ደምቷል።

"ልጄ፣ ከወለጋ ተፈናቅዬ መጥቼ በስንት ልመና ያገኘሁትን ሥራ በገዛ እጄ አበላሻለሁ?" አሉኝ።

ይቅርታ መጠየቅ ሲገባኝ፣ ሰው እያየኝ ስለነበር፣ "ታዲያ ለምን አልደወሉልኝም?" ብዬ ጨመርኩባቸው። ስልክ እዚያ እንደማይሠራ አውቃለሁ።

ያንን ሾፌር እረግመው ነበር፤ አሁን ግን በራሴ ነው የምናደደው። ጋሽ ደምሴን ሁለት ዓመት አውቃቸዋለሁ፤ አንድ ቀን ዋሽተውኝ አያውቁም። የሾፌሩን ግን ስሙን እንኳ አላውቅም። እሱን አመንኩት።