የሀያት ጥያቄና የአባባ ጫማ

ዓርብ

የልጄ የሀያት መምህር ደወለልኝ። «ሀያት ታውቃለች፣ ግን እጇን አታወጣም። ከሰው ፊት አፏን አትከፍትም» አለኝ። አስር ዓመት ሙሉ ዝም በይ ስላት የኖርኩት ልጅ!

ማታ አባብዬ አናገርኳት። ባለፈው ክፍል ውስጥ «ሳዑዲ የሚያዩዋት ጨረቃና የእኛዋ አንድ ናት?» ብላ ጠይቃ ተማሪው በሳቅ አውካካባት። አጎቷ ከጅዳ ደውሎ «እኛ ጋ ታይታለች፣ ነገ ጾም ነው» ሲል፣ እኛ ጋ ሳትታይ ስትቀር ልጅቷ ግራ ቢገባት ምን ይገርማል? እኔ ራሴ መልሱን በደንብ አላውቀውም። ንድድ ነው ያልኩት። እንደዚህ ዝም ብላ እንዳትቀርብኝ ፈራሁ።

ቅዳሜ

ሱቄ ያለበት የመርካቶው ዱባይ ተራ ዛሬ በሰው ብዛት መተላለፊያ የለውም። የልጆች ጫማ እያስለካሁ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር። አንዲት ደንበኛዬ ስለ አንድ የሕዋ ሳይንስ ማዕከል ነገረችኝ። ትንሽ ናት፣ መግቢያዋ ርካሽ ነው፣ ልጆች እየነኩ ይማራሉ አለች። ነገ ሱቅ ዝግ ነው። ወሰንኩ።

ትንሹ ልጄ ፉአድ «ሮኬት አለ?» ብሎ ዘለለ። ሀያት «ሰው ይበዛል?» ብቻ። አብረውን የሚኖሩት አባቴም «እኔንስ ለማን ልትተዉኝ ነው?» አሉ። እምቢ ማለት አልቻልኩም።

ለነገ፦ ውሃ፣ ብስኩት፣ የፉአድ ሹራብ፣ የአባባ መድኃኒት።

እሑድ

ከመሳለሚያ ታክሲ ይዘን ሄድን። እውነትም ትንሽ ናት፤ ሁለት ክፍል፣ በስተኋላ አንድ ክብ ጥቁር ድንኳን። ፉአድ ጁፒተርን አቅፎ አልለቅም አለ። ሀያት ግን የቀሚሴን ጫፍ ይዛ ከኋላዬ ተለጠፈች። አስጎብኚዋ፣ ሳቂታ ወጣት፣ «ጥያቄ ያለው?» ባለች ቁጥር ልጄ መሬት መሬት ታያለች። አንጀቴን በላችው።

ከዋክብት ጣሪያው ላይ የሚታዩት ድንኳኑ ውስጥ ነው። አባባ በሩ ጋ ሲደርሱ ጉልላቱንና ምንጣፉን አዩ፤ ጫማቸውን አወለቁ፣ በቀኝ እግራቸው ገቡ። ፉአድ ተከተላቸው። ከኋላችን የነበሩ ሰዎችም ደንቡ መስሏቸው ማውለቅ ጀመሩ! በሩ ጫማ በጫማ ሆነ።

«አባባ፣ እዚህ እኮ ጫማ አይወለቅም» ስትል አስጎብኚዋ፣ ሰው ሁሉ ሳቀ። ሀያት ክንዴን ጭምድድ አድርጋ ያዘች። አባባ ግን ከሁሉም በላይ ሳቁ። «ምን ላድርግ ልጄ፣ ጉልላትና ምንጣፍ ሳይ እግሬ ራሱ አወለቀ» ብለው በካልሲያቸው እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። ሀያት ዓይኗን ከእሳቸው አልነቀለችም።

መብራቱ ጠፋ። ወላሂ፣ ያን ያህል ኮከብ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። መርካቶ ሆኖ ማን ቀና ብሎ ያያል!

ጨረቃ ስትወጣ ከጎኔ አንድ ቀጭን ድምፅ «ሳዑዲ የሚያዩዋት ይቺኑ ነው?» አለ። ሀያት ናት!

«ይቺኑ ነው፣ አንድ ናት» አለች አስጎብኚዋ። «አዲስ ስትሆን ግን በጣም ቀጭን ናት፣ ፀሐይ እንደገባች ቶሎ ትጠልቃለች። አንዱ አገር ሲያያት ሌላውን ደመናው ወይም ሰዓቱ ይከለክለዋል።»

ዕድሜ ልካቸውን ጨረቃ ጠብቀው የጾሙት አባባ ጮክ ብለው «አሃ!» አሉ። እኔ እንባዬ መጣ። ደግነቱ ጨለማ ነው።

ሰኞ

ቀኑን ሙሉ ሐሳብ ሲበላኝ ዋለ። ያደፋፈራት ጨለማው ቢሆንስ? ክፍል ውስጥ ብርሃን ነው፣ እነዚያ ሳቂዎችም አሉ።

ከትምህርት ቤት ቀጥታ ሱቅ መጣች። ቦርሳዋን ካርቶን ላይ ወርውራ «እማ፣ ጠየቅኩ!» አለች።

«ምን ብለሽ?»

«ጨረቃ ላይ የሚኖር ሰው ቢኖር፣ ለመጾም የሚጠብቀው ምንን ነው ብዬ።»

«ሳቁብሽ?»

«አዎ። እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ።»

መምህሩ አጣርቶ ሊነግራት ቃል ገብቷል። አሁን እራት እየሠራሁ ነው፤ እሷና አባባ ሳሎን ይከራከራሉ። እሳቸው «ምድርን ነዋ የሚጠብቀው!» ይላሉ፣ እሷ አልቀበልም ብላለች። ማን ልክ እንደሆነ እኔ እንጃ። ጩኸቷ ግን እስከ ማድቤቱ ይሰማል፤ ዝም በይም አላልኳት።