ከመስኮቱ ጎን ስለተነቀለው የሙቀት መለኪያ

ቀን፦ የካቲት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለደጋ አምባ የፕላዝማ ምርምር ማዕከል የሥራ አመራር ቦርድ ሰብሳቢ
ጎንደር

ጉዳዩ፦ የመስኮቱ ሙቀት ሳይጣራ የሐሙሱ ሙከራ እንዳይካሄድ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች በማዕከሉ ለስድስት ዓመት የሙቀት ልኬት ባለሙያ ሆኜ አገልግያለሁ። ፕላዝማ የምንለው እጅግ የጋለ ጋዝ ከማሽኑ ግድግዳ እንዳይደርስ በማግኔት ኃይል ታግዶ ይያዛል። ሥራዬ ማግኔቱን አልፎ ግድግዳው ላይ የሚደርሰውን ሙቀት በአምስት መለኪያዎች መለካት ነው። አራተኛው መለኪያ ከመመልከቻው መስኮት ጎን ነበር።

2. ይኸው መለኪያ ጥር 14 ቀን 121፣ ጥር 21 ቀን 143፣ ጥር 28 ቀን 168 ዲግሪ አሳየ። ማግኔቱም ሆነ የምንሰጠው ኃይል አልተለወጠም፤ ሌሎቹ አራት መለኪያዎችም ከ60 አላለፉም። የመስኮቱ መስተዋት የሚችለው እስከ 200 ብቻ ነው። ማሽኑ ውስጡ አየር ስለሌለው፣ መስተዋቱ ከተሰነጠቀ የውጭው አየር በአንድ ጊዜ ያደቅቀዋል። ስብርባሪው ከውስጥ ነጥሮ ተመልሶ ፊት ለፊት የቆመውን ሰው ያገኛል።

3. የማዕከሉ ኃላፊ ዶ/ር ካሣዬ መለኪያው ተበላሽቷል አሉ። ይሁን ብዬ በአዲስ ቀየርኩት፤ ያው ሆነ። ቀጥዬ አዲሱን ከአንደኛው ጋር ቦታ አለዋወጥኳቸው። ከመስኮቱ የራቀው 58 አነበበ፤ ወደ መስኮቱ የመጣው 171። አንድ መለኪያ ሊዋሽ ይችላል፤ ሦስት መለኪያ ግን ተማክሮ አይዋሽም። የካቲት 3 ቀን ግን በትእዛዝ አስነቀሉት፤ በሪፖርቱም የቀሪዎቹ አራት መለኪያዎች አማካይ ብቻ ተጻፈ። ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል ሙቀቱ ስንት እንደደረሰ የሚያውቅ ሰው የለም።

4. ሐሙስ የካቲት 19 ቀን ከጠዳ ለሚመጡ መምህራን ማሽኑን አሥራ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ለማስነሳት ፕሮግራም ወጥቷል። እስካሁን በአንድ ቀን ከሦስት ጊዜ በላይ አስነስተነው አናውቅም።

5. አሁን የማፍርበትን ልናገር። ለሐሙሱ ሙከራ በተዘጋጀው የደህንነት ማረጋገጫ ወረቀት ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው። የካቲት 8 ቀን ኮሶዬ ላይ የአባቴ ሰልስት ነበር። ዶ/ር ካሣዬ ያን ሁሉ መንገድ መጥተው አጽናኑኝ፤ ሊሄዱ ሲነሱ ወረቀቱን አወጡ። ለቅሶ ሊደርስ የመጣን ሰው ማሳፈር በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ድንኳኑ ውስጥ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ሳላነብ ፈረምኩ። ያስፈረመኝ ይሉኝታ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

6. ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ፊርማዬ እንዲሰረዝ፣ መለኪያው ወደ ቦታው እንዲመለስ፣ እስከዚያውም ሙከራው እንዲታገድ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ። የሚገባኝን ቅጣት ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።

7. ሐሙስ ዕለት ከመስኮቱ ፊት ቆማ ለእንግዶቹ የምታስረዳው ባልደረባዬ ሄለን ናት። እንዳትቆም ብለምናት፣ «ምነው እትዬ መንበረ፣ እርስዎ ፈርመውበት ምን እፈራለሁ?» አለችኝ። ሳላነብ መፈረሜን ልነግራት አፌ አልታዘዘኝም።

ከአክብሮት ሰላምታና ከከባድ ስጋት ጋር፣

(ፊርማ)
መንበረ አወቀ
የሙቀት ልኬት ባለሙያ

ግልባጭ፦
ለዶ/ር ካሣዬ፣ በማዕከሉ
ለወ/ሪት ሄለን ገብረ ኪዳን፣ ከሐሙስ በፊት፣ በእጅ