ከወንዙ የወጣው ጫማ

ውድ እናቴ ሆይ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ፣ ደረጃውን ያለ ምርኩዝ መውጣት ቻልሽ? ሐኪሙ ያዘዘልሽን መነጽር ታደርጊዋለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ መሳቢያ ውስጥ ቆልፈሽበታል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ግን እህቴ ጮክ ብላ እንድታነብልሽ አልፈልግም። መነጽርሽን አድርጊና ራስሽ አንብቢው።

የምተይብለትን ደራሲ መቼም ታውቂዋለሽ፤ አፉን በከፈተ ቁጥር «እኔ» ስለሚል አቶ እኔ ብዬ ስም ያወጣሁለትን። ስለ ጥንት ጦርነት የሚጽፈው ተከታታይ ልብ ወለድ አምስተኛው መጽሐፍ ወጣለትና ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሽ ተከራይቶ ለአንባቢዎቹ ውድድር ደገሰ። በር የሚያህል ፎቶግራፉን መግቢያው ላይ ገተረ። ፈረስ ላይ ጉብ ብሏል፤ ልጓሙን የያዘለትን ሰውዬ ግን ከፎቶው አስቆርጦታል። ከቲያትር ቤት የተዋሰውን ካባ ደርቦ ሲንጎራደድ ጫፉ ወንበር እየያዘው ሁለት ጊዜ በአፍጢሙ ሊደፋ ነበር። ኬኩንም በጎራዴ ቆረጠው። ቆረጠው ከተባለ ነው እንጂ ደፈጠጠው።

መጀመሪያ የተደረገው ጀግናውን የመምሰል ውድድር ነበር። ያሸነፈው የገዛ አማቹ፣ የሚስቱ ወንድም ነው፤ ዳኛዋም ሚስቱ። ሰውዬው ከአምስቱ አንዱንም ገልጦ እንደማያውቅ ሲናገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ያውም በኩራት!

ቀጥሎ ጥያቄና መልስ መጣ። ያሸነፈ ሰው ስሙ በስድስተኛው መጽሐፍ ለአንድ ገጸ ባሕርይ ይሰጣል ተባለ። የመጨረሻው ጥያቄ፣ በሁለተኛው መጽሐፍ የመልእክተኛው ሚስት ባሏን ከወሰደው ወንዝ ምን ይዛ እንደወጣች ነበር። አንዲት ልብስ ሰፊ፣ ደረቷ ላይ መርፌ እንደተሰካ ከሥራ በቀጥታ የመጣች ሴት፣ ተነስታ «አንድ እግር ጫማውን» አለች። አቶ እኔ መልሱ የተጻፈበትን ካርድ አየና ከት ብሎ ሳቀ። «እኔ ጫማ ለቃሚ አይደለሁም፤ ሰይፉን ነው! ሲያነቡ እንቅልፍ ጥሎዎት ይሆናል» አላት። አዳራሹ አብሮት ሳቀ። እሷም «ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት» ብላ ፊቷ ቀልቶ ተቀመጠች።

እማዬ፣ ያንን ምዕራፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አቶ እኔ ሐሳብ ነጠፈብኝ ብሎ ሁለት ሳምንት ሶፋ ላይ ሲጋደም፣ ማተሚያ ቤቱም ሲያጣድፈን፣ «ወንዙን አንቺ ጨርሺው» አለኝ። ጨረስኩለት። እሱ አንብቦ እንኳ አላየውም። ከዚያ በፊት አንድ ቀን ሽንኩርት እየከተፍሽ፣ አባዬን ውሃው ሲወስደው ተከትለሽ ገብተሽ ጫማውን ብቻ ይዘሽ እንደወጣሽ ነግረሽኝ ነበር። ለማንም እንዳልናገር አስምለሽኛል። እኔ ግን ሳላስፈቅድሽ ለማላውቀው ሰው ሁሉ ዘረገፍኩት፤ ያውም በዚያ ግብዝ ስም።

ስለዚህ ዝም ማለት አቃተኝ። ከመሸጫው ጠረጴዛ ሁለተኛውን መጽሐፍ አንስቼ፣ ማይክሮፎኑን ከሚስቱ እጅ ወስጄ ገጹን አነበብኩት። ሰይፉ ሲሰምጥ ሴትዮዋ ዞር ብላ እንዳላየችው፣ ጫማውን ግን እንደ ሕፃን ታቅፋ ዳር እንደደረሰች አነበብኩ። አቶ እኔ ምን ቢል ጥሩ ነው? «የትየባ ስህተት ነው!» ሁለት ገጽ ተኩል የትየባ ስህተት! አዳራሹ እንደገና ሳቀ፤ አሁን ግን በእሱ። ጥርሱን ነክሶ ከሥራ እንደተባረርኩ ነገረኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ አንቱ ስለው የኖርኩትን ሰውዬ «ስድስተኛውን ራስህ ጻፈው» ብዬው ወጣሁ።

ልብስ ሰፊዋ ደረጃው ላይ ደረሰችብኝ። ሽልማቱን ሊሰጧት ሲጠሯት «ስሜ እዚያ ውስጥ ምን ይሠራል?» ብላ ጥላቸው ነው የመጣችው። ምዕራፉን የጻፍኩት እኔ መሆኔ ገብቷት፣ የወንዟ ሴትዮ ማን እንደሆነች ጠየቀችኝ፤ እናቴ ናት አልኳት። እጄን ያዘችና «ጫማው የግራ ነበር የቀኝ?» አለችኝ። ይህን ያህል ዘመን ልጅሽ ሆኜ አንድም ቀን አልጠየቅኩሽም።

ስለ እንጀራዬ አታስቢ፤ አንድ ጋዜጣ ቤት አራሚ ፈልጎ ሰኞ እጀምራለሁ። ብትቆጪኝ ይገባኛል፤ ተቆጪኝ። ገጾቹን ከመጽሐፉ ገንጥዬ እዚሁ ፖስታ ውስጥ አድርጌልሻለሁ። የተሳሳትኩትን በእርሳስ ሰርዢና አርሚልኝ፤ እንዲጠፋ ከፈለግሽም አንቺው ቅደጂው።

እህቴን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ በዚህ ደብዳቤ እንዳትቀየመኝ ንገሪልኝ። ለባሏ፣ ለዚያ ለተረበኛው፣ ሰላምታዬ ይድረሰው። አክስቴ ጆሮዋ ስለከበደ ጠጋ ብለሽ በስሜ ሰላም በያት። ልብስ ሰፊዋም፣ ሳታውቅሽ፣ እጅ ነስታሻለች።

የምትወድሽ ልጅሽ፣
ከአራተኛው ፎቅ፣ መስኮቷ አልገጥም ካለችው ክፍሌ፣
ግንቦት 11 ቀን