ሲገቡ በስተግራ

ይድረስ ለአራሚዬ፤

እንደምን ከርመሃል? ያ በቀኝ ዓይንህ ላይ የሚመላለሰው መቅላት ተወህ፣ ወይስ አሁንም በደብዛዛ መብራት እያነበብክ ታስቆጣዋለህ? የእህትህ ልጅስ ጥርስ አወጣች? እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ ግን እንደምታውቀው ነው፤ ይህን ሰላምታ ጽፌ እስክጨርስ ሁለት ጊዜ ተነሥቻለሁ፣ አንዴ መስኮቱን ልከፍት፣ አንዴ የከፈትኩትን ልዘጋ።

ደብዳቤው የሚደርስህ በእህትህ እጅ ነው። አድራሻህን እንድትሰጠኝ ለምኛት ነበር። የት እንዳለህ ጨርሶ አላውቅም አለችኝ፤ ይህን ስትለኝ ያንተን ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር። አልተከራከርኳትም። ደብዳቤ ባመጣልሽስ ብላት፣ ወረቀት መቀበል እንኳ አያቅተኝም ብላ ኮሌታህን ገለበጠች። ክፉ አይንካት።

አንተ ጋዜጣውን ከለቀቅህ ወዲህ በወንበርህ የተቀመጠው አዲሱ አራሚ ጨዋ ሰው ነው። ችግሩ ሁሉ ነገር ጥሩ ነው የሚል ሰው መሆኑ ነው። ገጼን ወስዶ በአምስት ደቂቃ ይመልስልኛል፣ አንድ ቀይ ምልክት የለበትም። ካንተ እጅ ሲመለስ ኩፍኝ የወጣበት ነበር የሚመስለው። እንዴት እንደምናደድብህ! ከሁሉ የምወደው ግን ሦስቱን ነጥቦችህን ነበር። ስህተት የሚመስል፣ ግን እንዳለ መቅረት ያለበት ቃል ስታገኝ ከሥሩ ሦስት ቀይ ነጥብ ታደርጋለህ፤ ማንም እንዳይነካው ማለትህ ነው። ማተሚያ ቤት ያሉት እንኳ ያን ነጥብ ካዩ እጃቸውን ይሰበስባሉ። አሁን ገጼ ንጹሕ ሆኖ ሲመለስልኝ ሆድ ይብሰኛል።

ሥራዬ ያው ነው። በየወቅቱ መግቢያ፣ በዚህ በሚጮኽ ከተማ ውስጥ አበባ ተረጋግቶ የሚታይባቸውን ዐሥር ቦታዎች እየዞርኩ እጽፋለሁ። ዘዴዬም አልተለወጠም፤ ዐሥር ደቂቃ እቀመጣለሁ፣ በዚያ መሐል የሰው ስልክ ካልጮኸ ቦታው ይገባል፣ ከጮኸ ይሰረዛል። አንተ በዚህ በዐሥር ደቂቃዬ ስትስቅብኝ ነው የኖርከው። አበባ እኮ የአውቶቡስ ፌርማታ አይደለም፣ አረፍ ብለሽ እዪው ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሰዓቴን አይቼ ገና ሦስት ቦታ ይቀረናል እያልኩ ክንድህን እጎትታለሁ።

ዘንድሮ ግን መከራዬን አየሁ። የፍርድ ቤቱ ጽጌረዳ እንደ ጉድ አብቧል፤ ምን ያደርጋል፣ ቀጠሮ የሚጠብቀው ሁሉ አበባው ሥር ቆሞ ጠበቃው ላይ በስልክ ይጮኻል። ሰረዝኩት። የቤተ መጻሕፍቱን ጓሮ አስገባሁ፤ ያቺ መነጽራም ሠራተኛ ንቦቹንም ዝም ያሰኘቻቸው ይመስለኛል። የነርሶቹን ማደሪያ ቡጋንቪላ ልጽፍ ስሄድ ከሥሩ ተቆርጦ ቦታው መኪና ማቆሚያ ሆኗል። ዘጠኝ ቦታ በእጄ ቀረ። ገጹ ከሰዓት በኋላ ማተሚያ ቤት መግባት አለበት። እናም የኛን ቦታ ጻፍኩት።

አዎ፣ የኛን። አሮጌውን የውሃ ማጣሪያ ግቢ፣ ነጫጭ ሊሊ የበቀለበትን ደረቅ ገንዳ፣ አንድ እግሩ ያጠረውን አግዳሚ ወንበር፣ ሁሉንም። ለማንም ላንናገር ተባብለን ነበር፤ እኔ በሃምሳ ሺህ ቅጂ ተናገርኩ።

ትንሽ ቆይ፣ ሻይ ጥጄ ልምጣ።

መጣሁ። ሻዩን አልጠጣሁትም፤ ቤት መቀመጥም አልቻልኩም። አሁን አውቶቡስ ውስጥ ነኝ፣ ጽሕፈቴ የተንጋደደው ለዚህ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ደብዳቤዬን ሰርቀው እያነበቡ ነውና የሚቀጥለውን በክንዴ ከልዬ ነው የምጽፈው።

ቦታ አጥሮኝ ነው ያልኩህ ውሸት ነው። የአሮጌው ባቡር ጣቢያ የአጥር አበባ ተጽፎ፣ ተስተካክሎ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም። ገጼን አሁንም እንደምታነብ ልቤ ያውቃል፤ ካነበበ ይናደዳል፣ ከተናደደ ይመጣል ብዬ ነው። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ተንኮል! ግን ናፍቀኸኛል። ሰው ይስማ አይስማ ግድ የለኝም፤ ሴትዮዋም ያንብቡት።

ገጹ በወጣ በሳምንቱ ዋና አዘጋጁ ጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ የአንባቢ ደብዳቤ ተከምሯል። ሊሊው ሲገቡ በስተግራ ባለው ገንዳ ነው ብለሻል፣ ሰዎች በስተግራ ሄደው ያገኙት ዝገትና እንቁራሪት ነው አሉኝ። አንዷ ሙሽራ በቬሎዋ እስከ ገንዳው አፍ ሄዳ አልቅሳ ተመልሳለች። ሊሊው በስተግራ ነው፣ ስንት ጊዜ የሄድኩበት ቦታ ነው ብዬ ድርቅ አልኩ። ደረጃውን እየወረድኩ ነው የገባኝ። ለካ እኔ በዋናው በር ገብቼ አላውቅም! አንተና እኔ ሁልጊዜ የምንገባው ከጀርባ፣ በፈረሰው ግንብ በኩል ነበር፤ አንተ ቀድመህ ትዘልና እጅህን ትሰጠኛለህ። በዚያ በኩል ለሚገባ ሰው አበባው በስተግራ ነው። በበሩ ለሚገባ ሰው በስተቀኝ ነው፣ እሱም ከፓምፕ ቤቱ ጀርባ ተደብቆ።

ስለዚህ ስህተቴ ቦታውን አዳነው። ሰው ይመጣል፣ እንቁራሪቱን ያያል፣ እኔን ይሰድባል፣ ይሄዳል። ዋና አዘጋጁ ግን ማረሚያ ካላወጣሽ ብለው ሙጭጭ ብለዋል። እኔም ዛሬ ነገ እያልኩ ሦስት ሳምንት አቆይቻቸዋለሁ። በእነዚህ ሦስት ሳምንታት በየቀኑ በምሳ ሰዓት እየሄድኩ ወንበራችን ላይ ተቀምጫለሁ። መቀመጥስ ካሉት። ቁጭ እላለሁ፣ እነሣለሁ፣ ወደ ግንቡ ሄጄ ወደ ውጭ አያለሁ፣ እመለሳለሁ። ወንበሩም እንደኔ ነው፤ አጭሩ እግሩ ዕረፍት አይሰጥም። አንተ ጋዜጣ አራት አጥፈህ ከሥሩ ታስገባለት ነበር። እኔ ያለአንተ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም፣ ወይ ይወፍራል ወይ ይሳሳል። የበሩ ጥበቃ አባባ መመላለሴን ቢያዩ ልጄ፣ የጠፋብሽ ዕቃ አለ እንዴ ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። እስቲ አብረን እንፈልገው ብለው ተነሡ።

የጠፋብኝን አንተ ታውቀዋለህ። እዚያ ወንበር ላይ ሦስት ጊዜ እንጋባ ብለህ ጠይቀኸኛል፣ ሦስት ጊዜ ይህ ወቅት ይለፍ ብዬሃለሁ። ይህ ገጽ ይውጣ፣ ይህ አበባ ይርገፍ፣ ይህ ዝናብ ያባራ። በሦስተኛው አልተቆጣህም፤ ቀስ ብለህ ተነሥተህ ሱሪህን አራገፍክ። በሳምንቱ ሥራህን ለቀቅህ። ብትቆጣኝ ኖሮ እከራከርህ ነበር። ያ ዝምታህ ነው እስከ ዛሬ እግሬን የሚበላኝ።

ማክሰኞ ዕለት አለቃችን ልክ በምሳ ሰዓት ጠርተው፣ በዚያው በግራና ቀኙ ጉዳይ አንድ ሰዓት ሙሉ ያዙኝ። በሦስት ሳምንት ውስጥ የቀረሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በመጨረሻም ለቅዳሜ ዕትም ማረሚያውን ላወጣ ተስማማሁ። ደክሞኝ ነበር። አንተም አትመጣም ብዬ ቆርጬ ነበር።

ረቡዕ እንደገና ሄድኩ። ልሰናበተው ብዬ ነው፤ ማረሚያው ከወጣ ቦታው የኛ አይሆንም። ቁጭ አልኩ። ወንበሩ አልተነቃነቀም። ወደ ግራ አጋደልኩ፣ ወደ ቀኝ አጋደልኩ፣ ጸጥ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከአጭሩ እግር ሥር አራት የታጠፈ ጋዜጣ አለ፤ አልወፈረም፣ አልሳሳም። እየሮጥኩ ወደ በሩ ሄጄ ትናንት በምሳ ሰዓት ማን ገባ ብዬ ጥበቃውን ጠየቅኋቸው። በዚህ በር ዝንብ አልገባም ብለው ማሉልኝ።

ተመልሼ ወንበሩን አንሥቼ ወረቀቱን አወጣሁት። የኔ ገጽ ነው። በሌሎቹ ዘጠኝ ቦታዎች ላይ እንደ ድሮህ ኩፍኝህን አውጥተህባቸዋል፤ ለቤተ መጻሕፍቱ ብቻ አምስት እርማት፣ ወይ ጉድ! በዐሥረኛው ላይ ግን አንድም መስመር አልሰረዝክም። በስተግራ ከሚለው ሥር ሦስት ቀይ ነጥቦች አሉ።

አራሚዬ፣ እዚያ ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ሰዓቴን ሳየው ወደ ቢሮ የምመለስበት ሰዓት አልፎ ነበር፣ እኔ ግን አንድ ጊዜም አልተነሣሁም። ሊሊዎቹን ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋቸው መሰለኝ። ጫፋቸው ላይ ትንሽ አረንጓዴ እንዳለበት ታውቅ ኖሯል? ለምን አልነገርከኝም? ነግረኸኝ ይሆናል።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ጠዋት ዋና አዘጋጁ ክፍል ገብቼ ማረሚያው አይወጣም አልኳቸው። ምክንያት ቢጠይቁኝ አራሚው አልፈቀደም አልኳቸው። የትኛው አራሚ አሉ። ያኛው አልኳቸው። በእጃቸው ውጪ የሚል ምልክት አሳዩኝ፤ ከሥራዬ ያስወጡኝ ይሁን ከክፍሉ ብቻ ገና አላወቅሁም። አሁን ይህን የምጽፍልህ ወንበራችን ላይ ሆኜ ነው። ጽሕፈቴ ቀጥ ያለው ለዚህ ነው።

ሊሊው ቢበዛ ሌላ ሳምንት ይቆያል። ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ እዚህ ነኝ። በግንቡ በኩል ና። ለሦስት ጊዜ ጥያቄህ የምሰጠውን መልስ በዚያው ገጽ ላይ፣ ከነጥቦችህ ጎን፣ በእርሳስ ጽፌዋለሁ፤ እንደገና አራት አጥፌ ከወንበሩ እግር ሥር መልሼዋለሁ። የጻፍኩት አንድ ቃል ነው፣ እዚህ ግን አልደግመውም። ራስህ መጥተህ አውጥተህ አንብበው። ስታወጣው ወንበሩ ይነቃነቃል፤ ይነቃነቅ፣ እኔ አልነሣም።

ዓይንህን ያድንልህ፤ እጅህ አይዛልብህ፤ መንገድህ የቀና ይሁን፣ ግንቡንም ስትዘል እግዜር ይደግፍህ። እህትህን በደንብ አድርገህ ሳምልኝ፣ ሸሚዙም አምሯል በልልኝ።

ከዚህ በታች የቀድሞ የሚል ቃል ታገኛለህ። ነጥብ አላደረግሁበትም። ስህተት ከሆነ ሰርዘው።

የቀድሞ ወዳጅህ