የአበልጄ ቻርጅ ማድረጊያ

ማክሰኞ

ዛሬም የቻርጁን ዋጋ ጨመሩ። ታፔላ አልለጠፉ፣ ቀድመው አልነገሩ፤ ሂሳቡን ያወቅሁት ሶኬቱን ከነቀልኩ በኋላ ነው። «ጋሽ ተፈራ፣ ይቺ ማሽን ተበላሽታለች መሰለኝ» ስላቸው «አልተበላሸችም አበልጅ፣ ዋጋው ነው» አሉኝ። ከፋሲካ ወዲህ ይህ ሁለተኛው ነው።

ሳቅ ብዬ ከፈልኩ። ለምን እንደሳቅሁ አላውቅም።

ዮናስን፣ ልጄን፣ ክርስትና ያነሱት እሳቸው ናቸው። ቻርጅ ማድረጊያውን ለመትከል ሲነሱም «ለእናንተ ለአገሬው ዋጋው አይነካም» ያሉት እኔው ቤት፣ ምሳ በልተው እጃቸውን እየታጠቡ ነው። ያንን ቃል ይዤ የቤንዚኗን ሚኒባስ ሸጥኩ፤ ይቺን የኤሌክትሪኳን ገዛሁ። ያንኑ ቃል ይዤ የመናኸሪያ ባልደረባዬን ሰይድንም አስገዛሁት። ወረቀት? አበልጅን ፈርም ይባላል እንዴ? ያኔ ብጠይቃቸው ኖሮ የማፍረው እኔው ነበርኩ።

የቤንዚን ሰልፍ ቀረልኝ ብዬ ነበር። እሱስ ቀርቶልኛል።

ረቡዕ

ሙቀቱ ለጉድ ነው። ከሸዋ ሮቢት ደብረ ሲና ሁለት ምልልስ ሠራሁ። ዳገቱ ባትሪውን ይጠጣዋል፤ ቁልቁለቱ ትንሽ ይመልስልኛል። ተሳፋሪው «ማቀዝቀዣውን ክፈቺልን እንጂ» ሲለኝ «ተበላሽቷል» እላለሁ። አልተበላሸም። ብከፍተው ባትሪውን ይበላዋል፤ ለቻርጅ የምከፍለው ሊያልቅብኝ ነው። አንዲት ጨቅላ ልጅ የያዙ እናት «እንግዲያው መስኮቱን ክፈቺው ልጄ» አሉኝ። ከፈትኩት፤ አቧራውም ገባ። አፈርኩ።

ሰይድ መናኸሪያ ውስጥ ያዘኝ። ከእኔ ተራ ቀጥሎ የሚጭነው እሱ ነው። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «ወላሂ እትዬ አስካለ፣ አንቱን አልወቅስም» አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ይወቅሳል ማለት ነው። መኪናዋን ሲገዛ ሚስቱ ወርቋን ሸጣ ጨምራለታለች። «በዚህ ዋጋ ክረምቱን አልዘልቀውም፤ እሸጣታለሁ» አለ። እኔም እንደሱው ነኝ። አፌን ሞልቼ ግን አልነገርኩትም።

እትዬ ዘሀራ ከወፍጮ ቤታቸው በር ላይ ሆነው ሲሰሙን ነበር። «ከአሥር ሰዓት በኋላ ወፍጮዬ ያርፋል። መስመሩ ኃይለኛ ነው። ነይና ሰኪያት፤ ቆጣሪው የሚለውን ትከፍያለሽ» አሉኝ። ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው፤ ቢሆንም ይሞላል። እምቢ አልኩ። አበልጄ እያሉ ሌላ ደጅ መቆም ነውር ነው አልኳቸው። «እንደወደድሽ» ብለው ገቡ።

ሐሙስ

ከጎኔ አንድ ከደሴ የመጣ ሰው መኪናውን ሰክቶ ስልኩን ይነካካል። ሰላም ተባባልን። «በዚህ መንገድ ላይ እንደዚህ ቤት ርካሽ አላየሁም» አለኝ። የሚቀልድብኝ መሰለኝ። ደረሰኙን አሳየኝ። እኔ ከምከፍለው በብዙ ያነሰ ነው። ማሽኑ ያው፣ መብራቱ ያው። ደግሜ አየሁት።

ጋሽ ተፈራ ከኒሟ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ሄጄ ጠየቅኋቸው። ይክዱኛል ብዬ ነበር፤ አልካዱም።

«አበልጅ፣ መንገደኛው ካልተመቸው ደብረ ብርሃን ይሄዳል፣ ኮምቦልቻ አለለት። በዋጋ ካልያዝኩት አይቆምልኝም። እናንተ ግን ወዴት ትሄዳላችሁ?»

ወዴት ትሄዳላችሁ። በደግ ፊት ነው ያሉኝ፤ የሚያስረዱኝ መስሏቸው።

ለዚያ ማሽን መብራት የሚያመጣው ምሰሶ የቆመው እኔ ማሳ ላይ ነው፤ ሽንኩርቱ መሀል። ካሳ አልጠየቅሁም። ጎረቤቶቼንም «የጋሽ ተፈራ ማለት የራሳችን ማለት ነው» ብዬ፣ ለምኜ፣ በማሳቸው ምሰሶ ያስተከልኩላቸው እኔ ነኝ። አራሹ በሬዎቹን በምሰሶዋ ዙሪያ ባዞረ ቁጥር ይረግመኛል።

ተናድጃለሁ። አይ፣ ንዴት ብቻ አይደለም። ተከድቻለሁ።

ዓርብ

ነገ ሚካኤል ነው። የማኅበሩ ተራ የእኔ ነው። ማኅበርተኛው ሁሉ እኔ ቤት ይመጣል፤ ጋሽ ተፈራም ማኅበርተኛ ነው። («ናቸው» ማለት ነበረብኝ። እጄ እምቢ አለኝ። ይቅር።)

የቀረኝ፦ ጠላውን ማጥለል። ዳቦ መድፋት። ከዕድሩ ወንበር ማስመጣት። ፊቴን ማስተካከል።

በእኛ ማኅበር ጽዋው ከመነሳቱ በፊት አባ «የተቀያየመ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ካለ፣ ሳይታረቅ ጽዋ አይቀምስም። ብዙ ጊዜ ሁሉም ዝም ይላል፤ ጥያቄውም ከጸሎቱ ጋር ያልፋል። የቤቱ ባለቤት ደግሞ በራሷ ድግስ ላይ ነገር አታነሳም። አበልጄም ይህን ያውቃል። ዛሬ ደውሎ «ነገ በጊዜ እመጣለሁ አበልጅ፣ የጎደለሽ ነገር አለ?» አለኝ። የጎደለኝን ቢያውቅ ኖሮ አይጠይቀኝም ነበር።

ብናገር ድግሴን አበላሻለሁ። ዝም ካልኩ ሰይድ መኪናውን ይሸጣል፣ ቀጥሎ እኔ። መኪናዋ ከሄደች ዮናስን የማሳድግበት ሌላ ነገር የለኝም። ሽንኩርቱ እንኳን ለልጅ ለራሱም አልሆነ።

ቅዳሜ

ተናገርኩ።

አባ ሲጠይቁ የጠላውን ማንቆርቆሪያ ይዤ ቆሜ ነበር። «አለ አባ። እኔ ነኝ። በአበልጄ ተቀይሜያለሁ» አልኩ። እሱ «እኔ በማንም አልተቀየምኩም» አለ። እሱማ ምን ያስቀይመዋል።

ሁሉንም ነገርኳቸው። እጁን እየታጠበ የሰጠኝን ቃል፣ ምሰሶውን፣ የደሴውን ሰው ደረሰኝ። «ይሄ የገበያ ነገር ነው አባ፣ ማኅበር ውስጥ አይገባም» አለ። አባ ጽዋውን መልሰው አስቀመጡት። «ማሳዋ ላይ ምሰሶ የተከልከው በገበያ ነው?» አሉት። ከማኅበርተኞቹ ማንም አላገዘውም፤ እኔንም አላገዙኝም።

ወደ ጽዋው አይቶ «እሺ። ከሰኞ ጀምሮ አንድ ዋጋ ነው። አገሬው ከመንገደኛው ሳንቲም አብልጦ አይከፍልም። ሚካኤል ምስክሬ ነው» አለ። ተነስተን ይቅር ተባባልን። ጽዋው ተነሳ። ጠላው ጥሩ ወጥቶልኛል፤ ሁሉም አመሰገኑኝ።

ለሰይድ ደወልኩለት። «አልሀምዱሊላህ» አለ። ለሚስቱ ሲነግራት ይሰማኛል።

እንግዲህ ወደ አንቱታው ልመለስ፦ ጋሽ ተፈራ ጥሩ ሰው ናቸው።

እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ከዮናስ ጋር ሰላም አልናቸው። ለልጁ ማንጎ ሰጡት። መኪናዋን አልነዳሁም። ማታ ማቀዝቀዣዋን እንደገና ስለ መክፈት አሰብኩ።

ሰኞ

ቃሉን ጠብቋል። ዋጋው አንድ ሆኗል። የመንገደኛውን ወደ እኛ አውጥቶታል።

በሩ ላይ አዲስ ታፔላ አለ። ቀለሙ እንኳ አልደረቀም። «ለሁሉም እኩል» ይላል፤ ከሥሩ ያው እኛ ስንከፍል የከረምነው ዋጋ። ሰይድ ከጎኔ ቆሞ ነበር። አነበበው፣ እኔን አየኝ። ሳቄ መጣ፤ ከማክሰኞው ሳቅ የተለየ ነው። እሱም ሳቀ።

«እንዳልኩት አደረግሁ አይደል?» አለኝ አበልጄ ከኒሟ ሥር። አድርጓል። አልዋሸም። የሚያበግነኝም ይኸው ነው፤ መልአክ ጠርቶ፣ ጽዋ ቀምሶ፣ ትከሻዬን ስሞ፣ በልቡ ይህንን ይዞ ነበር። ለልጄ ማንጎውን ሲሰጥም።

አንድ ከአዲስ አበባ የመጣ መኪና ገባ። ሹፌሩ ታፔላውን አነበበ፤ በሩን ሳይከፍት አዙሮ ወጣ።

እኔም ሳልሰካ መኪናዬን አዞርኩ። «ወዴት ነው አበልጅ?» አለኝ።

«ወፍጮ ቤት» አልኩት።

ይህን የምጽፈው እትዬ ዘሀራ ግቢ ውስጥ፣ መኪናዋ ውስጥ ሆኜ ነው። ያለፈውን አላነሱብኝም፤ ሽቦውን በመስኮት አቀብለውኝ ወደ ሥራቸው ሄዱ። መስታወቱ ዱቄት ለብሷል። አሞላሉ በጣም ቀስ ይላል። ነገ ለደብረ ሲና አንድ ምልልስ ቢበቃኝ ነው። ሰይድም ነገ ይመጣል፤ ተራ እንገባለን። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ሁለታችንን ይችል እንደሆነ አላውቅም።

ማሳዬ ላይ ስላለው ምሰሶ ላነጋግረው ወስኛለሁ። ኪራይ ይክፈል፣ ወይ ይንቀለው። በዚህኛው ዙር ግን በወረቀት ነው። አበልጅን ፈርም ለማለት አፌ ይታዘዘኝ እንደሆነ እንጃ።